የቤቴ ሰዓቶች አልስማማ አሉ፤ የውሃው ሞተር ያለ ሰዓቱ እየተነሳ ነው

ለገጣፎ_ጎጆ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ድረስ። መጀመሪያ መሬት ላይ ወዳለችው 500 ሊትር ታንከር ይገባል። ከዚያ ሞተሩ ጣሪያ ላይ ወዳለው 2000 ሊትር ሮቶ ይገፋዋል። ሞተሩ ዘግይቶ ከተነሳ ታንከሯ ትሞላና መቀበል ታቆማለች፤ ፈረቃው እንዲሁ ያልፋል። ቀድሞ ከተነሳ ደግሞ ባዶውን ይሽከረከራል።

ሌሊት እየተነሱ ሞተር ማብራት ስለሰለቸኝ ዓምና በአርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ እየጻፉ የሚያዙት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የራሴን መቆጣጠሪያ ሠራሁ። ሰሌዳው የሚያዝዛት ትንሿ ማብሪያ፣ ሪሌዋ፣ ትልቁን የሞተር ማብሪያ፣ ኮንታክተሩን ታዝዛለች፤ ኮንታክተሩ ሞተሩን ያስነሳል። የመነሻ ሰዓቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ15 ነው። ሰዓቱን በየጊዜው በእጄ አስተካክላለሁ።

ባለፈው ዓርብ ሌሊት እንግዳ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሞተሩ ውሃ ሲገፋ ድምፁ ወፈር ያለ ነው። ያን ሌሊት ግን ቀጭንና የሚያፏጭ ነበር። ወጥቼ ብረቱን ስነካው አቃጠለኝ። ወዲያው ብሬከሩን አወረድኩት። ስልኬን ሳይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ35 ይላል። የመቆጣጠሪያው ስክሪን ደግሞ 03:22፣ ማለትም 9 ሰዓት ከ22። 47 ደቂቃ ቀድሟል! ሰዓቱን ካስተካከልኩት ገና 5 ሳምንቱ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የበሩን መብራት የሚያበራው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ በእጅ የሚዞር ታይመር ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። የጓሮው መብራት በዋይፋይ ማብሪያ ነው የሚሠራው፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲበራ ሞልቼው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ይበራል። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዓት፣ ሦስቱም የየራሳቸውን ይላሉ። ሞተሩን ሳላቃጥል መፍትሔ እፈልጋለሁ። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

የአያት_ልጅ

ወንድሜ፣ መብራት ነው። እኛም ጋ በሄደ በመጣ ቁጥር ሁሉም ነገር ይዛባል። ስታቢላይዘር አድርግበት።

ለገጣፎ_ጎጆ

አመሰግናለሁ። ግን መቆጣጠሪያው በ12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው። ባትሪው ሁሌም ቻርጅ ላይ ነው። መብራት ሲሄድ ሞተሩ ይቆማል እንጂ ሰሌዳው አይጠፋም። ደግሞ መብራት ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ ይሄ እየቀደመ ነው።

ብየዳ_ቤት

የመጨረሻዋ አረፍተ ነገርህ ትልቅ ነገር ይዛለች። ዕቃ ለመግዛት ከመሮጥህ በፊት ለጥቂት ቀናት ተከታተለው። ሰዓት የሚሳሳተው በሦስት ዓይነት መንገድ ነው፤ መድኃኒታቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛው መንሸራተት ነው። በየቀኑ እኩል እየቀደመ ወይም እየዘገየ ይሄዳል። ይሄ የክሪስታሉ (እየተርገበገበ ጊዜ የሚያስቆጥረው ዕቃ) ወይም የኮዱ ችግር ነው። ሁለተኛው መቆም ነው። ለቀናት ደህና ይቆይና ድንገት አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ይሄ የመብራት መጥፋት ነው። ሦስተኛው ዝላይ ነው። ልክ 3 ሰዓት ወይም ልክ 6 ሰዓት ከተሳሳተ፣ ሰዓቱ ራሱ ጤነኛ ነው፤ አሞላሉ ነው የተሳሳተው።

እንዲህ አድርግ። ስልክህ ሰዓቱን ከኔትወርክ እንደሚወስድ አረጋግጥ። ሰዓቶችህን ሁሉ አስተካክልና በየምሽቱ በተመሳሳይ ሰዓት ስልኩንና መቆጣጠሪያውን ጎን ለጎን አድርገህ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሳቸው። ልዩነቱን ጻፍ። አራት ቀን ይበቃል። በቲቪ ዜና አትለካ፤ በሳተላይት የሚመጣው ሥርጭት በሰከንዶች ይዘገያል።

የአያት_ልጅ

ሦስተኛውን እኔም አይቼዋለሁ። የግቢያችን ጥበቃ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ታይመሩ 18:00 ሲል «ተሳስቷል» ብለው ወደ 12:00 አዞሩት። በእኛ አቆጣጠር እኮ ትክክል ናቸው። የግቢው መብራት ግን እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ጀመረ። እኔ ባትሪ ስቀይር፣ ፊውዝ ስፈትሽ ሁለት ሳምንት ለፋሁ። አሁን ታይመሩ ላይ «18 ማለት የምሽት 12 ነው» ብዬ በወረቀት ለጥፌያለሁ።

ለገጣፎ_ጎጆ (ከአራት ቀን በኋላ)

ብየዳ ቤት፣ እንዳልከው አደረግሁ። ውጤቱ ይኸው።

የውሃው መቆጣጠሪያ፦ በመጀመሪያው ቀን 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ቀደመ። በሁለተኛው 2 ደቂቃ ከ41። በሦስተኛው 3 ደቂቃ ከ59። በአራተኛው 5 ደቂቃ ከ18።

የበሩ ታይመር፦ ሁለት ቀን ምንም ልዩነት አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን 1 ሰዓት ከ25 ወደ ኋላ ቀረ። ያን ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ መብራት አልነበረም።

የዋይፋዩ ማብሪያ፦ አራቱንም ቀን ልክ 3 ሰዓት ወደ ኋላ። አንዲት ሰከንድ እንኳ ከዚያ አይዛነፍም።

ወረቀቱ ላይ ሳየው ገረመኝ። አንተ የቆጠርካቸው ሦስቱም ዓይነቶች እኔ ቤት አሉ።

ብየዳ_ቤት

እንግዲህ ወረቀቱ ራሱ ነገረን።

የዋይፋዩ ቀላል ነው። የሰዓት ክልሉ 0 ላይ ስለሆነ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚሄደው። እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ወደ +3 ቀይረው። እኛ አገር በበጋና በክረምት ሰዓት መቀየር የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የበጋ ሰዓት የሚለውን ምርጫ አጥፋው።

የበሩ ታይመር ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር የምትዞረው በመብራቱ በራሱ ሞገድ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ። መብራት ሲሄድ ትቆማለች፣ ሲመጣ ካቆመችበት ትቀጥላለች። አልተበላሸችም። ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ግዛና ተገላገል።

ጀነሬተር ያላችሁ ሰዎችም ልብ በሉ። ጀነሬተሩ በ50 ፈንታ በ52 ከሄደ፣ እንዲህ ያለ ታይመር በየሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይቀድማል። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ አውሮፓ ውስጥ በሞገዱ የሚሠሩ የቤት ሰዓቶች ወደ 6 ደቂቃ የሚጠጋ ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። በሰርቢያና በኮሶቮ አለመግባባት የተነሳ የጎደለው ኃይል ስላልተተካ ሞገዱ ከ50 በጥቂቱ ወረደ፤ እሱ ሲጠራቀም ነው ደቂቃ የሆነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። የአንተ ሰሌዳ በቀን 80 ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ቀን 86,400 ሰከንድ ነው። ስታካፍለው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የአንድ በመቶ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። የኡኖ ሰሌዳ ዋናው ቺፕ የሚቆጥረው በክሪስታል ሳይሆን በሴራሚክ ሬዞኔተር ነው፤ እሱም ይርገበገባል፣ ግን የክሪስታልን ያህል ትክክል አይደለም። የሬዞኔተር ስሕተት እስከ ግማሽ በመቶ ሊደርስ ይችላል። ግማሽ በመቶ ማለት በቀን 7 ደቂቃ ነው! ስለዚህ ያንተ ሰሌዳ ጤነኛ ነው። የተሠራው ሪሌ እንዲያዝዝ እንጂ ሰዓት እንዲቆጥር አይደለም።

አንድ ጥያቄ። ኮድህ ጊዜውን የሚቆጥረው እንዴት ነው?

ለገጣፎ_ጎጆ

ሚሊስ በሚለው ፈንክሽን። ሰሌዳው ከበራ ጀምሮ ያለውን ሚሊ ሰከንድ ወስጄ ካስተካከልኩበት ሰዓት ጋር እደምራለሁ። ዲሌይ አልተጠቀምኩም።

ብየዳ_ቤት

ገምቼ ነበር። በዲሌይ «አንድ ሰከንድ ቆይ፣ አንድ ጨምር» እያሉ የሚቆጥሩ ሰዎች ሰዓታቸው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ነው። ስክሪን ላይ ለመጻፍ፣ ቁልፍ ለማንበብ የሚጠፋው ጊዜ አይቆጠርማ።

ግን ሌላ ወጥመድ አለብህ። ሚሊስ የሚቆጥረው እስከ 49 ቀን ከ17 ሰዓት ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። «አሁን ከዚህ ቁጥር በልጧል ወይ?» ብለህ ከጻፍክ ያን ቀን ሁሉም ይዘበራረቃል። «ከአሁኑ ላይ መነሻውን ቀንስ፣ ልዩነቱ ስንት ነው?» ብለህ ጻፈው። ያኔ ቁጥሩ ቢዞርም ስሌቱ አይሳሳትም።

ለገጣፎ_ጎጆ

ጉድ ነው። በሰኔ ሰሞን ሞተሩ ሁለት ፈረቃ ሙሉ አልነሳ ብሎ ነበር። አጥፍቼ ሳበራው ሠራ። ምክንያቱን ሳላውቅ ነበር የተውኩት።

ሱሉልታ_ብርዱ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። «የሰዓት ቺፕ ብቻ ግዛ» ብላችሁ እንዳትልኩት ነው የመጣሁት። እኔ ዲኤስ 1307 የምትባለውን ገዝቼ በቆርቆሮ ሣጥን አድርጌ የውጭ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት። ወር በገባ ቁጥር ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ወደ ኋላ ትቀራለች። ክረምት ከበጋ፣ ሁልጊዜ ወደ ኋላ።

ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አንብቤያለሁ። የሰዓት ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል። የተስተካከለው ለ25 ዲግሪ ሙቀት ነው። ከዚያ ሲቀዘቅዝም ሲሞቅም ይዘገያል። የሚዘገየውም በዲግሪው ካሬ ነው፤ ልዩነቱን በራሱ ታባዛና በ0.034 ታባዛለህ፣ ከሚሊዮን ሰከንድ ስንት ሰከንድ እንደሚጎድል ይነግርሃል። ሱሉልታ ሌሊት 5 ዲግሪ ሲሆን ከ25 በ20 ይርቃል። 20 በ20 400፣ በ0.034 ሲባዛ 13.6። በቀን ቢሰላ 1.2 ሰከንድ ነው። ቀን ደግሞ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስትመታው ውስጡ 45 ዲግሪ ይደርሳል፤ እሱም በ20 ስለሚርቅ ያው 1.2። ብርዱ የወሰደውን ሙቀቱ ይመልሳል ብዬ ነበር። አይመልስም፤ ሁለቱም ከአንድ ወገን ነው የሚጎትቱት።

ስለዚህ ዲኤስ 3231 ግዛ። ሙቀቱን ራሷ እየለካች ታስተካክላለች። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ስሕተቷ ከሚሊዮን 2 ነው። በዓመት አንድ ደቂቃ ቢሞላ ነው።

ብየዳ_ቤት

ሱሉልታ፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፤ ይሄ የእሳት ጉዳይ ነው።

ገበያ ላይ በብዛት ያለችው ሰማያዊ የዲኤስ 3231 ሰሌዳ ባትሪ የምትሞላበት መስመር አላት። የተሠራችው ኤልአይአር 2032 ለሚባለው፣ ቻርጅ ለሚደረገው ባትሪ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ግን ሲአር 2032 ነው፤ እሱ ቻርጅ አይደረግም። በ5 ቮልት ከሰካሃት ቀን ከሌት ባትሪውን ለመሙላት ትታገላለች። ባትሪው ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ከቺፑ አጠገብ አንዲት ቀይ ወይም ጥቁር ብርጭቆ የምትመስል ዳዮድ አለች፤ ከጎኗም 201 የሚል የተጻፈባት ሪዚስተር። አንዷን በካውያ አንሳት፣ መስመሩ ይቋረጣል። ከዚያ ያለ ሥጋት ሲአር 2032 አድርግባት።

ስትገዛም ሞክራት። ከስልክህ ጋር አስተካክለህ 10 ቀን አቆያት። ከ2 ሰከንድ በላይ ከተሳሳተች መልሳት፤ ጤነኛ አይደለችም።

የኔትወርክ_ሰው

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ሰሌዳውን ዋይፋይ ወዳለው ኢኤስፒ 32 ቀይረው፣ በኤንቲፒ (ሰዓትን ከኢንተርኔት የመውሰጃ ፕሮቶኮል) ያንብብ። ፕሮቶኮሉ ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዓለም በሙሉ ሰዓቱን በእሱ ነው የሚያስተካክለው።

ለገጣፎ_ጎጆ

አስቤው ነበር። የኔ ኢንተርኔት ሲም ካርድ በሚገባበት ሞደም ነው። ፓኬጁ በሌሊት ሲያልቅ ማን ይሞላል? ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማብሪያው በ5 ሰከንድ ይነሳል፣ ሞደሙ ግን ኔትወርክ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበታል። በዚያ መሃል ማብሪያው ቀኑን ስለማያውቅ ከመነሻው፣ ከ1970 ላይ ነው ያለው። ለጓሮ መብራት አይጨንቀኝም፤ ለሞተር ግን አላምነውም።

የኔትወርክ_ሰው

ልክ ብለሃል፣ ይህን አላሰብኩም። እንግዲያው ሁለቱን አጋባቸው። ቤትህ ራስበሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ካለች ዲኤስ 3231 አድርግበትና ክሮኒ የሚባለውን ፕሮግራም ጫን። ኢንተርኔት ሲኖር ከውጭ ይወስዳል፤ ሲጠፋ ከራሱ ሰዓት ለቤቱ ሁሉ ያድላል። ማዋቀሪያው ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ነው የምትጨምረው፤ አንዱ የቤትህ ዕቃዎች እንዲጠይቁት የሚፈቅድ፣ ሌላው ኢንተርኔት ባይኖርም መልስ እንዲሰጥ የሚያደርግ። ከዚያ የዋይፋይ ማብሪያዎችህ ላይ የኤንቲፒ አድራሻውን የፓዩን አድራሻ አድርገው። የፓዩ አድራሻ በራውተሩ ላይ ቋሚ ይሁን፣ አለዚያ አንድ ቀን ይቀየርና ሁሉም ያጡታል።

በነገራችን ላይ ማብሪያህ ላይ ታስሞታ (የፋብሪካውን ፕሮግራም የሚተካ ፕሮግራም) ከጫንክ የቦታ መጋጠሚያውን ቀይር። ሲጫን ፓሪስ ነው ያለው። «ፀሐይ ስትጠልቅ አብራ» ብትለው በፈረንሳይ ፀሐይ ነው የሚያሰላው። 9.03 ሰሜን፣ 38.75 ምሥራቅ ብለህ ሙላ። እኛ ጋ ኅዳር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ሐምሌ ላይ ወደ 12 ሰዓት ከ45 ትገፋለች። ይህን የማያውቅ ሰው ታይመሬ ተንሸራተተ ይላል፤ የተንሸራተተችው ፀሐይ ናት።

የገላን_እናት

ልጆቼ፣ የምትሉት ሁሉ አልገባኝም፤ ግን ችግሬ የዚህ ልጅ ዓይነት ነው። ገላን ላይ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ስጪያቸው ተብዬ፣ ከንጋቱ 10 ሰዓት የሚበራ ታይመር አደረግሁ። የሚዞረው ዓይነት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር እየቀረ እየቀረ፣ አንድ ቀን ሳይ በጠራራ ፀሐይ በርቶ ማታ ጨለማ ነው። እንቁላሉም ቀነሰብኝ። እኔ በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ገዛሁ። ምን ላድርግ?

ብየዳ_ቤት

እትዬ፣ የእርስዎ ከሁሉም ይቀላል። ኮምፒውተርም ኮድም አያስፈልግዎትም። ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ቁጥር የሚያሳይ ዲጂታል ታይመር ይግዙ። ውስጡ ትንሽ ባትሪ ስላለ መብራት ቢጠፋም ሰዓቱን አይረሳም። ከመሙላትዎ በፊት አንድ ቀን ሶኬት ላይ ይቆይ፣ ባትሪው እንዲሞላ። ከንጋቱ 10 ሰዓት በእሱ አቆጣጠር 04:00 ነው። እስኪገዙ ድረስ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ያለዎትን እያዞሩ ያስተካክሉት።

የገላን_እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 04:00 ብዬ ግድግዳው ላይ እጽፈዋለሁ።

ሱሉልታ_ብርዱ

ለገጣፎ፣ አንድ ነገር ግን አንገብግቦኛል። ሰዓቱን በሰከንድ ብታስተካክለውም ውሃው ራሱ መቼ በሰዓቱ ይመጣል? አንዳንድ ቀን 9 ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን 10 ሰዓት ነው። ሞተርህን ያተረፍከው ነቅተህ ስለሰማኸው ነው። ታንከሯ ውስጥ ፍሎት ስዊች (ከውሃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ማብሪያ) አድርግ፤ ውሃ ከሌለ ማንም ቢያዝዘው ሞተሩ አይነሳ። ሮቶው ላይም አንድ፣ ሲሞላ እንዲያቆም። ሰዓቱ «ከዚህ እስከዚህ መሥራት ትችላለህ» ይበል እንጂ «አሁን ተነሳ» የሚለው ውሃው ይሁን።

ብየዳ_ቤት

ይህን እኔ ቀድሜ ማለት ነበረብኝ። ልክ ነው። ፍሎቱን በኮድ በኩል አታሳልፈው፤ በቀጥታ ከኮንታክተሩ ኮይል (ኮንታክተሩን የሚስበው ጥቅል ሽቦ) ጋር በተከታታይ እሰረው። ሰሌዳው ቢያብድ እንኳ ሞተሩ ይተርፋል። ከማሰርህ በፊት ብሬከሩን አውርድ፤ ኮይሉ 220 ከሆነ ገመዱ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ በ12 ወይም በ24 ቮልት ሪሌ በኩል አድርገው። ራስህን ጠብቅ።

ለገጣፎ_ጎጆ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ወገኖቼ፣ ተመልሼ ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈለግሁም።

ዲኤስ 3231 ገዛሁ። ዳዮዷን አነሳኋት፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ናት፣ ሁለት ጊዜ ከካውያው ጫፍ አምልጣኝ ወለል ላይ በስልክ መብራት ፈለግኋት። በ10ኛው ቀን ስልኩንና ሰሌዳውን ጎን ለጎን ፎቶ አነሳሁ። ሁለቱም እኩል ናቸው። አጉልቼ አየሁት፤ ሰከንዱም አንድ ነው።

ኮዱን ብየዳ ቤት እንዳለው፣ መነሻውን ከአሁኑ ላይ እንዲቀንስ አድርጌ ጻፍኩት። የዋይፋዩን +3 አደረግሁት፣ መጋጠሚያውንም ከፓሪስ አነሳሁት። የጓሮው መብራት አሁን ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይበራል። ፓዩን ገና አልሠራሁትም፤ ለሚቀጥለው ወር ነው።

ትልቁ ነገር ግን ፍሎቱ ነው። በ12 ቮልት ሪሌ አሠርኩት። ባለፈው ማክሰኞ ሆን ብዬ ነቅቼ ጠበቅሁ። 9 ሰዓት ከ15 ሲሆን የሰሌዳው ሪሌ ጠቅ አለች። ሞተሩ ዝም። ውሃ አልመጣም ነበር። ደጃፍ ላይ ጋቢ ለብሼ ተቀመጥኩ። 9 ሰዓት ከ50 ገደማ ታንከሯ ውስጥ የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ መጀመሪያ አየሩን ያስተነፍሳል፣ ከዚያ ይንፎለፎላል። ፍሎቱ ቀስ እያለ ወጣ። 10 ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ኮንታክተሩ ጧ አለ፣ ሞተሩም በዚያ ወፍራም ድምፁ ተነሳ። የድሮው ቢሆን ከ40 ደቂቃ በላይ ባዶውን ይዞር ነበር።

የገላን እናት፣ እትዬ፣ የበሩን ታይመር ስቀይር ሁለት ዲጂታል ነው የገዛሁት፤ አንዱ ትርፍ ነው። ቅዳሜ ለሥራ ወደ ቃሊቲ እወርዳለሁ። ገላን ቅርብ ስለሆነ ላድርስልዎት? ባትሪውን ቤቴ ሞልቼ፣ 04:00 ላይ አስተካክዬ ነው የማመጣው።

የገላን_እናት

ና ልጄ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ከደረስክ ቤት ነኝ፤ የእኛን 4 ሰዓት ነው የምልህ። እንቁላል አዘጋጅልሃለሁ።